ያ ትምህርት የልጆቻችንም ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ልጆቻቸውን ኮሌጅ ለሚያስገቡ ወላጆች የቀረበውን ምክር እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) አሞላል የተጻፈው ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ነው። ጸሐፊው ሲያጠቃልሉ ግን ልጆቻችን ስለ ዘር፣ ስለ ፆታና ስለ ሕግ ታሪክ የሚያስተምሩ ኮርሶችን ባይወስዱ እንደሚሻል መክረዋል። ያ ጉዳይ የአሜሪካኖቹ የራሳቸው ጣጣ ነው፣ እኛ የመጣነው ለመማርና ለመሥራት ነው ይላሉ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም፤ ምክሩን ተከትሎ ልጁን ከዚያ ክፍል የሚያስወጣ ወላጅ እንዳይኖርም እፈራለሁ።

ልጄ እዚሁ ሜሪላንድ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባለፈው ሴሚስተር እንዲህ ያለውን ኮርስ ወስዳ ነበር፤ እኔም የሚሰጧትን ንባብ ማታ ማታ አብሬያት ሳነብ ከረምኩ። ጸሐፊው የእኛ አይደለም ያሉት ታሪክ ምን ያህል እንደሚመለከተን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከሁሉም በላይ የያዘኝ የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የሕግ ሰው ሕይወት ነው፤ ፖሊ መሬይ ትባላለች። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መሬይ በ1910 ባልቲሞር ተወልዳ ያደገችው ዱራም፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በአክስቷና በአያቶቿ እጅ ነው። በ1938 በዚያው ግዛት ቻፕል ሂል ከተማ ወደሚገኘው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ብታመለክት፣ የአንቺን ዘር አንቀበልም የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ነገሩን የከፋ የሚያደርገው የቤተሰቧ ታሪክ ነው። ቅድመ አያቷ ሃሪየት፣ ስሚዝ የሚባል የባለጸጋ ቤተሰብ ባሪያ ነበረች። የቤቱ ልጅ፣ ራሱ የሕግ ባለሙያ የነበረው ሲድኒ ስሚዝ፣ አስገድዶ ደፈራት፤ የመሬይ አያት ኮርኔሊያም ከዚያ ተወለደች። የሲድኒ አባት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የቦርድ አባል ነበር፤ የሲድኒ እህትም ስትሞት መሬቷን ለዩኒቨርሲቲው አውርሳለች። የሲድኒ የልጅ ልጅ ልጅ መሬይ ግን በሩን ስታንኳኳ ዘሯ ተጠቅሶ ተመለሰች።

የሲድኒ ስሚዝ ልጅ በባርነት እንድትኖር የፈቀደው ሕግ ነው። የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት በ1662 ባወጣው ሕግ ልጅ ባሪያ ነው ወይስ ነጻ የሚለው በእናቱ እንዲወሰን ተደረገ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ልጅን በአባቱ የሚቆጥሩ ነበሩ፤ ልክ እንደ እኛ። እዚህ ላይ ግን ልማዳቸውን ገለበጡት። ምክንያቱም አባትየው ነጭ ጌታ፣ እናትየው ባሪያ ስትሆን ልጁ በአባቱ ከተቆጠረ ነጻ ይሆናል። በእናቱ ከተቆጠረ ግን ጌትየው በደፈራት ቁጥር ንብረቱ ይበዛለታል። ሌሎቹም የደቡብ ግዛቶች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ዘርን፣ ፆታንና ሕግን ለያይቶ ማስተማር ለምን እንደማይቻል ለሚጠይቁ ወላጆች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

መሬይ በ1941 ዋሽንግተን ወዳለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ገባች። ሃዋርድ ጥቁሮች ያለ መሸማቀቅ የሚማሩበት ቤት ነበር፤ ቻርሎት ሬይ የምትባል ጥቁር ሴት ከዚያው በ1872 በሕግ ተመርቃለች። ሆኖም በመሬይ ክፍል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ገና ትምህርቱ እንደ ተጀመረ አንድ መምህር ሴቶች ሕግ ሊማሩ ለምን እንደሚመጡ አይገባኝም፣ ከመጡ ግን ወንዶቹ ይቻሏቸው ብለው ተናገሩ፤ ክፍሉም ሳቀ። ቀጥሎም የአንደኛ ዓመት ወንድ ተማሪዎችን በሙሉ ከአንድ መምህር ቤት ለምሽት ግብዣ የሚጠራ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እሷ የማትጠራው ለምን እንደሆነ መምህሩን ብትጠይቃቸው የወንዶች የሕግ ማኅበር ነው፣ እናንተ ሴቶቹም የራሳችሁን አቋቁሙ አሏት፤ በክፍሏ አንዲት ሴት ብቻ እንዳለች እያወቁ! እነዚህ ሰዎች ቀን ከሌሊት የዘር መድልዎን በፍርድ ቤት የሚታገሉ ጀግኖች ነበሩ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባልን ላደግን ሴቶች ይህ ሳቅ እንግዳ አይደለም። ጥቁሮችን ከነጮች የሚለዩት ሕጎች ጂም ክሮው ይባሉ ስለነበር፣ መሬይ በእሷ ላይ የደረሰውን በሴት ስም ጄን ክሮው አለችው።

በመጨረሻው ዓመት ሴሚናር ላይ የሰጠችው ሐሳብም አሳቃቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 «ተለያይቶ እኩል መሆን ይቻላል» ብሎ ፈርዶ ነበር። የጥቁሮቹ ጠበቆችም «ተለያይተናል፣ ግን እኩል አይደለንም» እያሉ በየጉዳዩ ይሟገቱ ነበር። እሷ ግን መለያየቱ ራሱ ለሁሉም እኩል የሕግ ጥበቃ ከሚሰጠው ከሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ጋር ይጋጫል ብለን ፊት ለፊት እንግጠም አለች። ያ ፍርድ በ25 ዓመት ውስጥ ይሻራል ብላ ከመምህሯ ከስፖትስውድ ሮቢንሰን ጋር በ10 ዶላር ተወራረደች። የተሻረው በ10 ዓመት ውስጥ፣ በ1954 ነው። ሮቢንሰን ለዚያ ክርክር ሲዘጋጁ የእሷን የሴሚናር ጽሑፍ ከፋይላቸው አውጥተው ተጠቅመውበታል፤ እሷ ይህን የሰማችው ከዓመታት በኋላ ነው።

በ1944 ከክፍሏ አንደኛ ሆና ተመረቀች። አንደኛ የሚወጣ ተማሪ በስኮላርሺፕ ወደ ሃርቫርድ መሄድ የተለመደ ስለነበር አመለከተች። ሃርቫርድ ፎቶዋንና ማስረጃዋን አይቶ፣ ለመግባት የተፈቀደለት ፆታ አይደለሽም ሲል መለሰላት። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሳይቀሩ ደብዳቤ ጽፈውላት ነበር፤ አልሆነም። በ6 ዓመት ውስጥ አንዱ ዩኒቨርሲቲ በዘሯ፣ ሌላው በፆታዋ መለሷት ማለት ነው። የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ሴት መቀበል የጀመረው በ1950 ነው።

መሬይ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1964 በሥራ ቦታ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ሲረቀቅ ፆታ የሚለው ቃል ገብቶ ነበር፤ ሴኔቱ እንዳይሰርዘው የሚሟገት ጽሑፍ አዘጋጅታ እንዲበተን አደረገች። ቃሉ ቢወጣ ጥቁር ሴቶች በአንድ በኩል ተጠብቀው በሌላው በኩል ሜዳ ላይ እንደሚቀሩ አስረዳች። በ1971 ደግሞ ሳሊ ሪድ የምትባል የአይዳሆ እናት፣ የሞተ ልጇን ንብረት ለማስተዳደር ባመለከተች ጊዜ የግዛቱ ሕግ ወንድ ይቀድማል ብሎ ለአባትየው ሰጥቶባት ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ አንድን ሕግ በሴቶች ላይ ያዳላል ብሎ በ14ኛው ማሻሻያ ሲሽር ያ የመጀመሪያው ነው። ከጠበቆቹ አንዷ የነበሩት ሩት ቤደር ጊንስበርግ በክርክር ጽሑፉ ሽፋን ላይ የመሬይን ስም አስገቡ። መሬይ ጉዳዩ ላይ አልሠራችም፤ ጊንስበርግ የተጠቀሙበት መንገድ ግን እሷ ቀድማ የጠረገችው ስለሆነ ባለዕዳነታቸውን መግለጻቸው ነበር። የዘር መድልዎን የታገሉበትን አንቀጽ ለፆታም አንሥቶ መሟገት ይቻላል ብላ ለዓመታት ስትጽፍ የኖረችው እሷ ናትና።

በቀጣዩ ዓመት በ1972 በትምህርት ቤቶች የፆታ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ፣ ታይትል ናይን፣ ወጣ። ይህን ሕግ ብዙ ወላጆች ከሴቶች ስፖርት ጋር ብቻ ያያይዙታል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ግን የሕጉን አፈጻጸም የሚከታተል ኃላፊ የመመደብ ግዴታ አለበት። ልጃችን መምህር ወይም ተማሪ ቢተነኩሳት፣ ወሲባዊ ጥቃት ቢደርስባት አቤት የምትልበት ቢሮ አለ። ብታረግዝ በእርግዝናዋ ምክንያት ከትምህርቷ ማባረር በሕግ ክልክል ነው። በእኛ ቤት እነዚህ ነገሮች ነውር ተብለው አይወሩም፤ ልጅቷ ችግሩ ሲደርስባት እናቷን ፈርታ፣ ትምህርት ቤቱንም ሳታውቅ ብቻዋን ትቀራለች። ኮርሱን የወሰደች ልጅ ቢያንስ የት እንደምትሄድ ታውቃለች።

የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚለውን ደግሞ ታሪኩ ራሱ አይደግፈውም። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ አሠራር የፈረሰው በ1965፣ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ሕግ ባጸደቀው በዚያው ኮንግረስ ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባንበትን በር የከፈተው የእነሱ ትግል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1930ዎቹ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው ሃዋርድ ነው፤ እሳቸው የጥቁር አሜሪካውያንን ትግል ከኢትዮጵያ ጉዳይ ለይተው አላዩትም። ዛሬም የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ላይ ልጆቻችን የሚሞሉት ያንኑ የጥቁር ሳጥን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲመርጡ ዘርን መለኪያ እንዳያደርጉ ሲፈርድ፣ ፍርዱ የሐበሻ ልጅ ብሎ የለየው የለም።

የዓምዱ ጸሐፊ ስጋት ይገባኛል። ክፍያው ከባድ ነው፤ በምሽት ፈረቃ ሠርቶ የሚያስተምር ወላጅ ልጁ ሥራ የሚያስገኝ ነገር እንድትማር ይፈልጋል። ልጄ የምትማረው ነርሲንግ ነው፤ ይህኛው ኮርስ ከሥራዋ አላስተጓጎላትም፣ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው የወሰደባት። ጋዜጣችሁ ግን አንድ ነገር ቢያደርግልን እወዳለሁ። ታይትል ናይን ለተማሪ ምን መብት እንደሚሰጥ፣ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ወላጅስ ምን ማድረግ እንደሚችል ጉዳዩን የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ በአማርኛ ጽፎ እንዲያስረዳን ጋብዙልን። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ከመስከረም በፊት ቢወጣ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ