የናኖ ዜናና የእናቴ እግር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እናቴ ጫማዋ ውስጥ የገባው ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲወጋት አልተሰማትም፤ የስኳር በሽታዋ የእግሯን ነርቭ አደንዝዞታል። ደሙን ያየሁት ማታ ካልሲዋን ሳወልቅላት ነው። ቁስሉ ይኸው ወራት አስቆጠረ።

ስለ ናኖ ቁሶች፣ ማለትም በዓይን ስለማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቁሶች፣ የምትጽፉት ዜና ስለዚህ አያመልጠኝም። ባክቴሪያ የሚገድሉት ደቃቅ የብር ቅንጣቶች በቁስል መሸፈኛ ላይ መዋል ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሁን ተመራማሪዎች የቁስሉን ስኳርና አሲድነት እየለየ መድኃኒት በሚለቅ ሃይድሮጄል (ብዙ ውሃ በያዘ ለስላሳ ጄል) ላይ በርትተዋል። እሰየው ነው! ነገር ግን አብዛኛው ሙከራ በአይጦች ላይ ነው፤ የአይጥ ቁስል በዋናነት ቆዳው ተሰብስቦ ይዘጋል፣ የሰው ግን አዲስ ሥጋና ቆዳ ማብቀል አለበት። እባካችሁ፣ በማን ላይ እንደተሞከረ በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፉልን። እናቴ ባነበብኩላት ቁጥር «መቼ ይደርስልኛል?» ትለኛለች።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከደሴ