የዕርቅ ቤት ለትምህርት ቤታችን፦ ከሐይቅ አካባቢ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የምንጽፍላችሁ በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ካለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እኔ በወላጅ መምህር ኅብረቱ ውስጥ አለሁበት፤ ልጆቼም እዚሁ ይማራሉ። ዛሬ የምንለምናችሁ ለጥቁር ሰሌዳ ወይም ለወንበር አይደለም። እሱም ይጎድለናል። ግን ከዚያ በፊት የቸገረን ነገር አለ። ልጆቻችን ሲጣሉ የሚታረቁበት፣ ወላጆቻቸውም አብረው የሚቀመጡበት አንድ ቤት በግቢያችን ውስጥ መሥራት እንፈልጋለን።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከወልድያ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲወርድ በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። የእኛም አልቀረለትም። በር ተነቅሏል፣ ወንበር ማገዶ ሆኗል። ያንን በየጊዜው እያዋጣን ጠጋግነናል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረምም ብዙዎቻችን በእፎይታ አልቅሰናል። ልጆቹ ግን ያዩትን አይተዋል። አባቱን የቀበረ አለ። ወራት በሰው ቤት ያደረ አለ። እናቱ ትግርኛ ስለምትናገር ብቻ ጓደኛ ያጣ ልጅም አለ። እሱ ምን አጠፋ?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሐይቅ ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች ገብተዋል። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ገደማ ሰው አንሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በሌሎች ቦታዎች አስፍሯል። ከመጠለያ ወደ እኛ የሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ የእነዚያ ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች ናቸው። አያታቸው ከአምባሰል፣ ከወረባቦ፣ ከዚሁ ከተሁለደሬ ተነሥቶ የሄደ ነው። የሥጋ ዘመዶቻችን ናቸው ማለት ነው። ተወልደው ያደጉት ግን ወለጋ ነው። ኦሮምኛ ጥርት አድርገው ይናገራሉ፤ አማርኛቸው የወሎን ለዛ አልያዘም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ይሳቅባቸዋል። በስማቸው ሳይሆን «ተፈናቃይ» እየተባሉ ይጠራሉ።

ሌላም አለ። ወለጋ ላይ ቤቱ የተቃጠለበት ልጅ እዚህ መጥቶ የወሎ ኦሮሞ የሆነ የክፍል ጓደኛውን ሲያይ ደሙ ይፈላል። ያ የክፍል ጓደኛው ግን በሕይወቱ ወለጋን አይቶ አያውቅም። የሚያሳዝነው ደግሞ ሁለቱ የሚሰዳደቡት በኦሮምኛ ነው። በቧንቧ ሰልፍ ላይ የተጀመረ ግፊያ ማታ የወላጆች ጠብ ሆኖ ያድራል።

ወሎ አብሮ የመኖር አገር ነው እያልን በየስብሰባው እንናገራለን። እውነት ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይቀብራል። ሠርግ ሲሆን ለሁለቱም ይታረዳል። የቆሎ ተማሪውንም ደረሳውንም ያበላው ይኸው ገበሬ ነው። ግን ይህን የምናውቀው ስላየነው ነው እንጂ ስለተነገረን አይደለም። ልጆቻችን ደግሞ ያደጉት በጦርነት፣ በኮሮናና በመፈናቀል ዘመን ነው። ያዩት ሌላ ነው። በሰልፍ ላይ የሚነበብ የሰላም መፈክር ይህን አያካክስም ብዬ አምናለሁ።

የሚያካክሰውን ነገር አባቶቻችን ትተውልናል። አበጋር፣ ማለትም የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ሲቀመጥ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ገዳይና የሟች ወገን የሆኑ ሰዎች እንኳ ይጠራሉ። ማንም ማንንም አያቋርጥም። መጀመሪያ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ እውነቱ ይወጣል። የበደለ በአደባባይ ያምናል፣ ይክሳል። የተበደለም በግድ ይቅር በል አይባልም፤ ልቡ እስኪራራ ይጠበቃል። ክርስቲያኑም አበጋር ፊት ይቀርባል፣ ሙስሊሙም የቄሱን ሽምግልና ይቀበላል። ትምህርት ቤት ግን ይህን ትቶ ጥፋተኛውን አንበርክኮ ወላጅ አምጣ ይላል። ወላጅ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ጠቡ ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በግቢያችን ካለው ዋርካ ሥር መቀመጥ ጀምረናል። ዓርብ ጁሙዓ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሐሙስ ከሰዓትን መረጥን። ከአበጋር ቤተሰብ የሆኑ አንድ አባት፣ ሸሁ፣ ቄሱ፣ ከመጠለያው አንዲት እናት፣ ሁለት መምህራን አሉ። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ደግሞ ጓደኞቻቸው የመረጧቸው ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። እናቶች ቡና ያፈላሉ፤ በረመዳን ቡናውን እንተወዋለን። ቁርሱ ቆሎ ነው፤ የክርስቲያን ጾም የያዘውም ያልያዘውም ይበላዋል።

አንድ ቀን ኳስ ሜዳ ላይ የአንድ ልጅ ጥርስ ተሰበረ። ድሮ ቢሆን ፖሊስ ጣቢያ ያደርስ ነበር። የሰበረው ልጅ አባት ለሕክምናው ከፈሉ። ልጁም በሁሉ ፊት ያደረገውን ተናገረ። ከዚያ በላይ ግን የነካኝ ሌላ ነው። የሁለቱ ልጆች አያቶች ሲጠያየቁ ከአንድ ቀበሌ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። በ1977 አንደኛው ሄደ፣ ሌላኛው ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ የሞተውንና ያለውን ሲቆጥሩ ቆዩ። ልጆቹ ፈዘው ያዳምጡ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ልጁን ከትምህርት ቤቱ ያስወጣ ወላጅ አለ፤ ልንመልሰው አልቻልንም። ዋርካውም አይበቃንም። በልግና ክረምት ሲዘንብ እንበተናለን። ከሁሉ በላይ ሴቶች ልጆች ሰው እያለፈ እያገደመ የደረሰባቸውን አይናገሩም። አንዳንዱ ነገር በር ተዘግቶ ነው የሚነገረው።

ቤቱ 7 በ9 ሜትር ነው። ድንጋዩን ከአካባቢው እናወጣለን። ባሕር ዛፉን ወላጆች ሰጥተዋል። ጉልበቱ በደቦ ነው፤ የመጠለያው ሰዎችም ከእኛ ጋር ይሠራሉ፣ ከመካከላቸው ጥሩ ጥሩ ግንበኞች አሉ። የጎደለን 60 ቆርቆሮ፣ 40 ኩንታል ሲሚንቶ፣ በርና መስኮት ነው። አግዳሚ ወንበርና የመጻሕፍት መደርደሪያም ያስፈልገናል። በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፉ የልጆች ተረት መጻሕፍት ያላችሁ ላኩልን። ለሚኒ ሚዲያችን ስፒከርና ማይክራፎን ብናገኝ ልጆቹ የጠዋቱን ፕሮግራም በሁለቱም ቋንቋ ሊያቀርቡት ተዘጋጅተዋል። ከደሴ የሥነ ልቦና ባለሙያ በየወሩ እየመጣ መምህራኑን እንዲያሠለጥን የትራንስፖርትና የአበል ወጪም አለ። ጦርነት ያየ ልጅ ሁሉ በሽምግልና አይድንም። መምህሩ የትኛው ልጅ ሐኪም እንደሚያስፈልገው መለየት አለበት።

በግድግዳው ላይ የፓርቲም የለጋሽም ስም አይጻፍም። ይህን ወላጆች በስብሰባ ወስነናል፤ ቤቱ የማንም ወገን እንዳይሆን ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም፤ አንዷ ፈራሚ የመጠለያው ተወካይ ናት። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል። የወጪው ዝርዝር በየወሩ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ በየቅሬውም ይነበባል።

አዲስ አበባ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የአገራችን ልጆች፣ አረብ አገር በሰው ቤት እየለፋችሁ ያላችሁ እህቶቻችን፣ ከዚያም ርቃችሁ የምትኖሩ፣ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። ብቻችሁን ባትችሉ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ቆርቆሮ ግዙ። የሒሳብ ቁጥሩን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ወይም ከየቅሬ ዳኞቻችሁ ጠይቁ፤ በሌላ ሰው ስም ለሚሰበሰብ ገንዘብ አትክፈሉ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቆርቆሮው ከተሟላልን ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን እንመታለን።