እማዬ፣ የላክሁልሽን ቅጠል ተይው

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ነው ያልለቀቀን። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እሺ» ብለሽ ወሬውን ወደ ሌላ ስለምታዞሪብኝ ጻፍኩት። ትንሹ ያንብብልሽ፣ ሳይዘል።

እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ስኒውን ስታነሺ አየሁሽ። ማስቀመጫው ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። «በርዶኝ ነው» አልሽ፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ! ትንሹ ከኋላ ሆኖ «የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወድቃ ነበር እኮ» ሲል ገላመጥሽው። ከስኒው አጠገብ ደግሞ ፔርሙሱ ነበር፣ የጊሽጣ ቅጠል ሻይሽ። እኔው የላክሁት።

አምና ጎረቤትሽ «ለግፊትም ለካንሰርም ፍቱን ነው» ስትልሽ ደውለሽ ነገርሽኝ። ሳልጠይቅ ሳላጣራ እዚህ ፓሪስ ካለ ሱቅ ገዝቼ፣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ ላክሁልሽ። ደስ ብሎኝ ነበር።

እዚህ አረጋውያን ቤት አብራኝ የምትሠራ የጓዴሎፕ ልጅ አለች። ስለ ሻይሽ ሳጫውታት ፊቷ ተለወጠ። ያን እሾሃም ጊሽጣ እነሱ ኮሮሶል ይሉታል። ፍሬውን ይበላሉ፣ ይጨምቁታል፤ ቅጠሉን ማታ አፍልተው ለእንቅልፍ ይጠጡታል። «አያቴም ትጠጣ ነበር» አለችኝና ዝም አለች።

ጓዴሎፕ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ በፈረንሳይ ሥር የምትተዳደር ደሴት ናት። እዚያ ትሠራ የነበረች ዶሚኒክ ካፓሮስ ለፌቭር የምትባል የነርቭ ሐኪም የሚመጡላት በሽተኞች ግራ አጋቧት። እጅ የሚያንቀጠቅጠውን፣ እንቅስቃሴ የሚያዘገየውን የአንጎል በሽታ፣ ፓርኪንሰንን ይመስላል፣ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከባልደረቦቿ ጋር ጻፈችው። ከመረመሯቸው 87 ሰዎች የታወቀው ፓርኪንሰን የነበረባቸው 22ቱ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ሌላ፣ የባሰ ዓይነት ነበረባቸው። የፓርኪንሰኑ መድኃኒት ሌቮዶፓ እምብዛም አይረዳቸውም፤ ቶሎ ቶሎ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ ደረጃ ሲወርዱ ዓይናቸው ወደ ታች አልታዘዝ ይላል። የሚበሉት የሚጠጡት ሲጠየቅ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ጊሽጣ የሚያዘወትሩት እነሱ ሆነው ተገኙ።

ጊሽጣ ውስጥ አኖናሲን የሚባል ነገር አለ። የሰውነታችን ሴል እንደ ምድጃ ነው ብለሽ አስቢው፤ አኖናሲን እሳቱን ያፍነዋል። ለአይጦች በደም ሥር 28 ቀን ሲሰጣቸው፣ እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎላቸው ክፍል ተጎድቶ ተገኘ።

እውነቱን ልንገርሽና፣ ነገሩ ገና አልተቋጨም። አይጥ ሰው አይደለም። የፈረንሳይ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 በሽታውን ያመጣው ጊሽጣ ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ፍሬው ውስጥ ያለው አኖናሲን አንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣልም ይባላል። ግን አንቺ ፍሬውን በዓመት ስንቴ ትበያለሽ? ሻዩን ግን ጠዋት ማታ ነው።

«ምግብ ደግሞ ሰው ያሳምማል?» እንዳትይኝ። የደንቢያ ልጅ አይደለሽ? ያጎትሽን ልጅ በሁለት ምርኩዝ ያስቀረው ጓያ አይደለም ወይ? ዝናብ ጠፍቶ ሌላው እህል ሲከዳ የቀረው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ወር ከወር እሱኑ ሲበላ እግሩን ያዘው። እኛ ልጆች ሳለን ጓያ ሲቀቀል «እንፋሎቱ ይሰብራችኋል!» ብለሽ ከማድቤት ታባርሪን ነበር። እንፋሎቱ እንኳ አይሰብርም፣ መርዙ እህሉ ውስጥ ነው። አያቴ ዘፍዝፋ ውኃውን ትደፋው የነበረው ነው ትክክሉ። የጓያና የጊሽጣ ነገር አንድ አይደለም፤ ጓያ እግር ነው የሚይዘው፣ እሱም በደንብ የተረጋገጠ ነው። ግን የለመዱት ምግብ እንደሚጎዳ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ሻዩን ከዛሬ ጀምሮ ተይው። የግፊት ክኒንሽን ግን እንዳትተይ! ሁለቱን እንዳታምታቺብኝ። በዚህ ሳምንት ከትንሹ ጋር የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ገንዘቡን ልኬያለሁ። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ሥራ ላይ ነው ወይስ ጭንሽ ላይ አርፎም? ስትወድቂ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ? ይጠይቁሻል፣ አስበሽበት ሂጂ። ሻዩንም ንገሪያቸው፤ በቀን ስንት ስኒ፣ ከመቼ ጀምሮ። «ቅጠል ምን ይጠየቃል» ብለሽ እንዳትደብቂ። ካፈርሽ ልጄ ናት የላከችው በያቸው።

ምናልባት የእርጅና ነገር ይሆናል፣ ምናልባትም ክኒኑ ራሱ ይሆናል። እስኪታይ ድረስ ግን ደረጃውን ሰው ይዘሽ ውረጂ።

የተረፈውን ቅጠል አውቅሻለሁ፣ መጣል አይሆንልሽም። ለዚያች ጎረቤትሽ «ልጄ ከፈረንሳይ የላከችልኝ» ብለሽ ትሰጫታለሽ። ለእሷም እንዳትሰጪ። ትንሹ ማዳበሪያው ውስጥ ይድፋውና ባዶውን ፌስታል ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ልጅሽ