ብረትና ሸክላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የድሬ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን። ትናንት በስልክ ያጫወትሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰውዬው ዳንኤል ምዕራፍ 2ን ገልጦ «ብረትና ሸክላ አይጣበቅም፤ ከሌላ ብሔር አትጋቢ» አለሽ? ስለ ብረት እንኳ ለእኔ ይተውልኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው።

የእናትሽን ላቀች ምድጃ ታውቂዋለሽ፤ ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ። ባለፈው ሸክላው ተሰነጠቀና በጭቃ ደፈንኩት። ሦስት ቀን ቡና አፈላችበት፤ በአራተኛው ጭቃው ረግፎ አመዱ ውስጥ ተገኘ። ብረት ሲግል ይለጠጣል፣ ሸክላው የዚያን ያህል አይከተለውም። በድሮው ሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት የምንተወውም ለዚሁ ነበር። እና ዳንኤል ያየው እውነት ነው፤ ጥያቄው ስለ ማን ነው የሚለው ነው።

የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር በሕልሙ ያየው ምስል ራሱ ወርቅ፣ ደረቱ ብር፣ ሆዱ ናስ፣ ቅልጥሙ ብረት፣ እግሩ ብረትና ሸክላ ነው። ብዙዎቹ የጥንት አባቶች ክፍሎቹን በየተራ የሚነሡ መንግሥታት አድርገው ባቢሎን፣ ሜዶንና ፋርስ፣ ግሪክ፣ ሮም ብለው ተርጉመውታል። ሜዶንን ከፋርስ ለይተው አራተኛውን ግሪክ የሚያደርጉም አሉ፤ እኔ ወደ እነዚህ አደላለሁ። ምክንያቴ ምዕራፍ 11 ነው። እዚያ የደቡብ ንጉሥ ልጅ ለስምምነት ብላ ወደ ሰሜን ንጉሥ ትሄዳለች። የግሪኩ ንጉሥ እስክንድር በ323 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ሲሞት ግዛቱን የጦር አለቆቹ ተቀራመቱት። በኋላ የደቡቡ፣ የግብፁ በጥሊሞስ ልጁን ቤሬኒቄን ለሰሜኑ፣ ለሶርያው አንጥዮኮስ ዳረለት። አባቷ ሲሞት ሰውዬው ወደ ፊተኛ ሚስቱ ተመለሰ፤ ቤሬኒቄም ከነልጇ ተገደለች። «በሰው ዘር ይደባለቃሉ፣ አይጣበቁም» የተባለው እንዲህ ላለው የነገሥታት ጋብቻ ነው፤ ለአንቺና ለእጮኛሽ አይደለም።

የምስሉ እግር ጣቶች አሥር ናቸው እያለ የዛሬ አገር የሚቆጥርልሽንም አትስሚው። ምዕራፍ 2 ጣት ይላል እንጂ አሥር አይልም። አሥሩ ምዕራፍ 7 ላይ ያሉት ቀንዶች ናቸው።

የእስራኤልንም መንግሥት ለሁለት የከፈለው ጋብቻ ብቻ አልነበረም። የሰሎሞን ባዕዳን ሚስቶች ያመጡት ጣዖት መኖሩን አልክድም፤ ሰውዬው ይህን ማንሳቱ አይቀርም። ግን ሕዝቡ በሰሎሞን ልጅ በሮብዓም ፊት ቀርቦ የጮኸው ስለ ሚስቶቹ ነው? «አባትህ ቀንበር አክብዶብናል፣ አንተ አቅልልን» ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ እሺ በላቸው አሉት፤ እሱ አብሮ አደጎቹን ሰማና በጊንጥ እገርፋችኋለሁ አለ። ይባስ ብሎ የግዳጅ ሥራውን አለቃ ላከባቸው! አለቃውን ወግረው ገደሉት። አሥሩ ነገድ ሄደ። የአሥሩ ነገድ ከተማ ሰማርያ በ722፣ የቀረው የይሁዳ ከተማ ኢየሩሳሌም በ586 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ወደቁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ እናትሽ የሐረርጌ ኦሮሞ። አያትሽ ቡና ላይ በኦሮምኛ ስትመርቅ እኔ በአማርኛ አሜን ስል ነው ያደግሽው። ያን ሰውዬ ያኔ ማን ጠየቀው?

ለቁልቢ ገብርኤል እጮኛሽን ይዘሽው ነይ። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው እኮ የዚያው መጽሐፍ ቀጣይ ምዕራፍ ነው፤ ሦስቱ ልጆች ከእሳት የወጡበት። ስትመጡ ላቀች እንዳትገዙ፤ ከቀፊራ አዲስ አምጥቼላታለሁ። አሮጌውን ግን አልጥልም ብላለች፣ የዶሮ ውሃ ታስቀምጥበታለች።

አባትሽ
ከድሬዳዋ