«የተፈጥሮ ውሃ» የሚል በረኪና

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ሳነብ ዓመታት አልፈዋል፤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ታክሲ ሰልፍ የሚጽፍላችሁ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ጠርሙስ ነው።

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እህቴ ቤት ልብስ እየታጠበ ነበር። ግቢው መሃል ሳፋ፣ ከሳፋው አጠገብ ኦሞ፣ ከኦሞው አጠገብ ደግሞ ግማሽ ሊትር የምትይዝ ሃይላንድ። ውስጧ በረኪና ነው። ከሰፈር ሱቅ በዚያችው ጠርሙስ ተሞልታ የተገዛች። እህቴ ነጩ አንሶላ ላይ ልታደርግበት ክዳኑን ከፍታ ሳለ በር ተንኳኳ። ሄደች። የሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ልጇ ጠርሙሷን አነሳ። ለምን አያነሳ? እሱ ውሃ የሚጠጣው በዚያ ዓይነት ጠርሙስ ነው። ሕፃናት ማቆያ ሲሄድ ቦርሳው ጎን ላይ የምትሰካለት እንደዚያችው ያለች ናት።

አንዴ ነው የተጎነጨው። ጩኸቱ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው በየሰፈሩ የሚሆነው ነው። አንዷ ወተት ይዛ መጣች። ሌላዋ «ጣት ክተቺበትና ያስመልሰው» አለች። እናታችን ጸበል ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። በፎጣ ጠምጥማ፣ ፀጉሯን ሳትጨርስ ደረሰች። «እንዳታስመልሱት!» ብላ ጮኸች። በረኪና ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ እንደ አዲስ ያቃጥለዋል። አፉን አጠበችለት፣ ውሃ ትንሽ ትንሽ አቀመሰችው፣ እኛም ኮንትራት ታክሲ ይዘን በረርን።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ምንድን ነው የጠጣው? የነበረበትን ዕቃ ይዛችኋል?» ብሎ ነው። እህቴ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ጠርሙሷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር። ሰጠችው። አገላብጦ አየው። ሰማያዊ ወረቀት፣ የተራራ ሥዕል፣ «የተፈጥሮ ውሃ»፣ ሶዲየም ይህን ያህል፣ ካልሲየም ይህን ያህል። ልጁ የጠጣው ነገር ምን ያህል ክሎሪን እንዳለበት፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ የምትል ግን አንዲት ፊደል የለችም። «ይህ ምንም አይነግረኝም» አለና መለሰላት።

ልጁ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከንፈሩና ምላሱ ተልጦ ሳምንት ያህል ቀዝቃዛ ወተትና እርጎ ብቻ ሲወስድ ቆየ። የተጎነጨው ትንሽ ስለሆነ፣ በረኪናውም ቀጠን ያለ ስለሆነ ይሆናል የተረፍነው። ወፍራም ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ደግሞ ለተዘጋ ቧንቧ የሚደፋው ኮስቲክ ሶዳ ቢሆን ኖሮ፣ የተቃጠለው የምግብ ቧንቧ ሲድን ጠባሳ ይዞ ይጠባል፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ገንፎ እንኳ መዋጥ እያቃተው በየጊዜው ሆስፒታል እየተወሰደ በመሣሪያ ሲሰፋለት መኖር ነው።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁሉም ቀድሞ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «እናትየው የት ነበረች?» በር ልትከፍት ሄዳ ነበር። ይኸው ነው መልሱ። አንድ ደቂቃ። እናት በቀን ውስጥ ስንት አንድ ደቂቃ ዞር ትላለች? እኔም ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስንት ጊዜ ዞር እንዳልኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ስለዚህ እህቴን መውቀስ ለጊዜው ይቆይና ጠርሙሷን እንይ።

መቼም «ሃይላንድ» የሚለው ስም ከውጭ ይመጣ ከነበረ የታሸገ ውሃ ስም የቀረ ነው። ውሃው ቀርቶ ስሙ ለባዶው ተረፈ። ከከተማ ወጣ ስትሉ ሕፃናት መኪና እየተከተሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ሲሉ ሰምታችኋል። የሚለምኑት ውሃውን አይደለም፣ ባዶውን ጠርሙስ ነው። ቆራሌው ይሰበስበዋል፣ ምናለሽ ተራ በክምር ይሸጣል፣ ነጋዴውም ገዝቶ ይሞላበታል። ዘይት በሃይላንድ ነው። አረቄ በሃይላንድ ነው። ላምባ በሃይላንድ ነው። የትኋን ማላታይን በሃይላንድ ነው። ያን ቀን እናታችን ይዛው የመጣችው ጸበልም በሃይላንድ ነበር፤ ሁለቱ ጠርሙሶች ሳፋው አጠገብ ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት እኔ፣ አዋቂዋ፣ ክዳን ከፍቼ ማሽተት ነበረብኝ።

እኔ ባዶ ጠርሙስ መልሶ መጠቀምን አልቃወምም። ድሃ ሀገር ነን፣ ዕቃ አንጥልም፣ እንዲያውም ይህ ጥሩ ጠባያችን ነው። ግን ልጅ በመልክ ነው የሚያውቀው። ማንበብ አይችልም። ውሃ የሚጠጣበት ዕቃ ውስጥ ያለው ሁሉ ለእሱ ውሃ ነው።

ላምባው ደግሞ ከበረኪናው ይብሳል። ነጭ ጋዝ የምንለውን ማለቴ ነው። ውሃ ይመስላል። ሕፃን ልጅ ሲጠጣው ሆዱን ከሚጎዳው ይልቅ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሲገባ የሚያደርሰው ይከፋል። ሳንባው ያብጣል፣ ይተነፍሳል ግን አየሩ አይበቃውም። ለዚህ ነው የላምባም ማስመለስ ክልክል የሆነው፤ ያስመለሰ ልጅ ሁለተኛ ትን ይለዋል። ይህንን ሲስተር ስትነግረኝ የራሴ አጎት ልጅ እያለ ላምባ ጠጥቶ ወተት አጠጥተው እንዳስመለሱትና «ዳነ» ተብሎ በየዓመት በዓሉ ሲወራ እንደኖረ ትዝ አለኝ። እንዴት እንደዳነ አሁን ነው የገረመኝ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ላምባ በሚጠቀሙ ድሃ ሰፈሮች የሐኪሞች ቡድን አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። ሕፃን ልጅ የማይከፍተው ክዳን ያለው የላምባ መያዣ ለየቤቱ አደሉ። ላምባ የሚጠጡ ልጆች ቁጥር በዚያ አካባቢ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ስብከት የለም፣ ቅጣት የለም። ክዳን ብቻ።

ይህን ክዳን ታውቁታላችሁ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክልን የቫይታሚን ብልቃጥ ላይ ያለው ነው፣ ተጭነው ካላዞሩት እየተንቀጫቀጨ ዝም ብሎ የሚሽከረከረው። እናታችን አንዴ ሩብ ሰዓት ታግላው «የሀብታም ሀገር ሰው ክኒን እንኳ በቁልፍ ነው የሚይዘው» ብላ ጥላዋለች። ሳቅን። ያ ክዳን ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ በ1970 ሕግ አውጥተው ነው፣ መድኃኒትና አደገኛ የቤት ውስጥ ኬሚካል ልጅ በማይከፍተው ዕቃ ይሸጥ ብለው። የእነሱም እናቶች በር ሲንኳኳ የሚሄዱ ናቸው።

እኛ ጋ እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። ድሃ ሰው በትንሽ በትንሽ ነው የሚገዛው፣ ፋብሪካ ያሸገውን ትልቁን በረኪና ግዛ ብትሉት አቅም የለውም። እውነት ነው፣ እኔም ሁልጊዜ አልገዛም። ግን መፍትሔውን ሱቃችን ቀድሞ ያውቀዋል። ለስላሳ ልትገዙ ስትሄዱ ባለሱቁ ምን ይላችኋል? «ባዶ ይዘሻል?» ነው የሚለው። ባዶ ካልያዝሽ መያዣ ታስይዣለሽ። በረኪናም እንዲሁ ቢሆን ምን ችግር አለው? ውሃ የማያስመስል፣ ቀለሙ የተለየ፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ያ የሚጫኑት ክዳን ያለው፣ ላዩ ላይ «በረኪና» ተብሎ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ታትሞ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የራስ ቅል የተሳለበት አንድ ወጥ ጠርሙስ። ባዶውን መልሰሽ ሙሉውን ትወስጃለሽ። በረኪና እንደሁ ብርሃን ሲያገኘው ጉልበቱን ያጣል፤ በጠራ ሃይላንድ መሸጡ ለልብሱም አይበጅም።

ለፌስታል በ2017 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። ጥሩ ነው፣ ደግፌያለሁ፣ ዘንቢሌንም ከቁም ሳጥን አናት አውርጃለሁ። ለፌስታል አዋጅ ማውጣት የቻለ ሰው ለበረኪና ክዳን መመሪያ ማውጣት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ለቀለምም ወጥቷል እኮ። ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚል ደንብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ወጥቷል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህ እርሳስ የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም፣ ብረቱ ነው። የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም ይላል። ነገር ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው በር፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ቢጫና ቀይ ሸርተቴ፣ የመስኮቱ ብረት፣ ሁሉም እዚያው አለ። ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ላይ ነው እርሳሱ የሚበዛው። ቀለሙ ሲላጥ ጣዕሙ ጣፈጥ ስለሚል ልጆች ያኝኩታል። ያረጀ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ የምታስፍቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ልጅ ባለበት ቤት አታድርጉት፣ ብናኙ ምንጣፍ ላይ ነው የሚያርፈው። በዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን ብመለስበት ይሻላል፣ ከጠርሙሷ እንዳልወጣ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፣ የእህል ነቀዝ ክኒኑን። ጤፍና ስንዴ ጆንያ ውስጥ የሚከተተውን። እርጥበት ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ማርከሻ የለውም፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ መኖር የለበትም። የአንድ ክፍል ቤት ሰው ጆንያውን ሌላ የት ያድርግ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ቢያንስ ክኒኑ በብጣሽ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በፍሬ አይሸጥ። ደግሞ ጋዜጣው የእናንተው ሊሆን ይችላል።

ማላታይንም ያው ነው። ትኋን እንቅልፍ ሲያሳጣችሁ ምን ያህል እንደሚያማርር አውቃለሁ፣ ግን ፍራሽ ላይ ረጭተው ማታውኑ ልጅ የሚያስተኙ አሉ። ልጁ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ወተት አትፈልጉ፣ ሐኪም ቤት ሩጡ። ማላታይን ማርከሻ መድኃኒት አለው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግስት ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዱቤም ይሰጠናል፤ ልጣላው አልሄድኩም። የሆነውን ነገርኩት። በጣም ደነገጠ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እኔ ካልሸጥኩት ማዶ ያለው ይሸጠዋል እኮ እትዬ» አለኝ ቆይቶ። እውነቱን ነው። ጠርሙሱን እንኳ የሚያመጡለት በረኪናውን የሚያከፋፍሉት ሰዎች ናቸው፣ እሱ ተሞልቶ ነው የሚረከበው። አከፋፋዮቹ የት እንደሚሠሩት አያውቅም። በሳምንት ሁለት ቀን በፒካፕ ይመጣሉ፣ ያራግፋሉ፣ ይሄዳሉ። የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መጀመር ያለበት ከዚያ ፒካፕ ነው፤ ሱቅ እያሸጉ ፎቶ መነሳት አይጠቅምም።

ስወጣ «ቢያንስ ውሃ የሚለው ነገር ይነሳ» አልኩት። «እሺ እትዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው» አለ።

ማክሰኞ ዕለት ስኳር ልገዛ ሄድኩ። ቃሉን ጠብቋል። ቁጭ ብሎ ከአርባ የማያንሱ ጠርሙሶች ላይ ሰማያዊውን ወረቀት አንድ በአንድ ልጦ አውጥቶ ደርድሯቸዋል፣ ሙጫው ሳይቀር ተፍቋል። «ይኸው፣ አስተካከልኩት» አለኝ ደስ ብሎት። አሁን ጠርሙሶቹ ላይ ምንም አልተጻፈም።

የሁለት ልጆች እናት
ከየካ፣ አዲስ አበባ