ከሊፍቱ በፊት ወለሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መኪናቸውን በቤታቸው ጋራዥ ራሳቸው የሚጠግኑ ሰዎች ቦታውን ለማሻሻል ሲነሱ ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚሄደው ዓይን ወደሚሞላው ዕቃ ነው፦ ባለ መሳቢያ የመፍቻ ሳጥን፣ አየር የሚያምቅ ትልቅ ኮምፕሬሰር፣ አቅም ከፈቀደም መኪና የሚሰቅል ሊፍት። ወለሉ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የጭስ መውጫው «ይደርሳል» ተብለው ይቆያሉ። ሰው የሚጎዳውም ሞተር የሚቃጠለውም ግን በእነዚህ በቆዩት ነገሮች ሰበብ ነው። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ለማለት ይህን ጽፌያለሁ።

ለመኪና ማቆሚያ የተሠራ ወለል ሁሉ ለመኪና መጠገኛ አይሆንም። የቆመ መኪና ክብደቱን ለአራት ጎማ ያካፍላል፤ ጎማም ለስላሳ ስለሆነ መሬቱን በመዳፍ ስፋት ነው የሚረግጠው። ያው መኪና በብረት መቆሚያ ላይ ሲሰቀል ሸክሙ በሙሉ በጥቂት ስስ የብረት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ካለው ኮንክሪት ጋር በደንብ ያልተያያዘ ሊሾ እዚህ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎም እንደ ቅርፊት ይነሳል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ወለሉን በትንሽ መዶሻ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ መታ መታ ማድረግ። ባዶ፣ እንደ ከበሮ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ለቋል ማለት ነው። በላዩ ቀለም ቀብቶ መደበቅ ጥቅም የለውም፤ የለቀቀው ተቆርጦ ይነሳና ከሥር ያለው ታጥቦ እንደገና ይሞላል።

ወለሉ አዲስ የሚፈስ ከሆነ ደህና አድርጎ የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ በላዩ እርጥበት የሚከለክል ፕላስቲክ፣ ከዚያ በፌሮ መረብ የተያዘ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይበቃዋል። ፌሮው መሬት ላይ ተኝቶ ኮንክሪት ከተደፋበት ሥራ አይሠራም፤ ከሥሩ ጠጠር ወይም ትንንሽ የሲሚንቶ ታኮ ገብቶ ከፍ ማለት አለበት። የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ውሃ ማጠጣት፣ ከባድ ሸክም ለመጫን ደግሞ 28 ቀን መጠበቅ ነው። ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ይሰጠዋል፤ መኪናው የሚሰቀልበት ቦታ ግን በተቻለ መጠን ሜዳ ይሁን።

ኢፖክሲ ቀለም ያምራል፣ ዘይትም አይመጥም። ከመቀባቱ በፊት ግን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ አራት ጠርዙን በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፎ አንድ ቀን ሙሉ መተው ነው። ሲነሳ ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ ከታች እርጥበት እየወጣ ነው፤ ቀለሙ በወራት ውስጥ ይላጣል። ደረቅ ቢሆንም እንኳ የወለሉ ገጽ በማሽን ተፍቆ ሻካራ ካልሆነና የድሮ ዘይት በሳሙና ካልወጣ የሞቀ ጎማ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። በመጨረሻው ቅብ ላይ ደቃቅ አሸዋ መነስነስም አይረሳ፤ ዘይት የፈሰሰበት ልሙጥ ኢፖክሲ ላይ መቆም በሳሙና ላይ እንደመቆም ነው።

አሁን ክሪኩ። ባለ ጎማው ክሪክ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሚያወጣ ይመስላል እንጂ አያወጣም። ክንዱ በአንድ ጫፉ ታስሮ ስለሚነሳ መኪናውን የሚደግፈው ሳህኑ የሚጓዘው በቅስት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ እጀታው ይሸሻል። መኪናው ጎማው ሥር በተሰነቀረ ታኮ ተይዟልና ልዩነቱን የሚያስተካክለው ክሪኩ ነው፤ በትንንሽ የብረት ጎማዎቹ እየተንከባለለ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ መኪናው ሥር መግባት አለበት። ከጎማዎቹ በአንዱ ፊት አንዲት የጠጠር ፍሬ ካለች፣ ወይም ጎማው በስንጥቅ ውስጥ ከተያዘ፣ መንከባለሉ ይቆማል። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ መኪናው ከታኮው ላይ ይሳባል፣ ወይ ሳህኑ ከተደገፈበት ብረት ላይ ይንሸራተታል። በአፈር ወይም በፀሐይ በለሰለሰ አስፋልት ላይ ባለ ጎማ ክሪክ የማይታመነው በዚህ ምክንያት ነው። ከክሪኩ በፊት መጥረጊያ ይቅደም ቢባል ቀልድ አይደለም።

ታኮ የሚገባው መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ነው፤ ከፊትም ከኋላም። «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ» የሚለው መተማመኛ የሚሠራው ፍሬኑ የሚይዛቸው ጎማዎች መሬት ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። በብዙ መኪኖች የእጅ ፍሬን የኋላውን ስለሚይዝ፣ ኋላው ሲነሳ የሚይዘው ነገር የለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው፣ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪናም ፊቱ ከተነሳ ማርሹ ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ላይ መሆኑ ኋላውን አያቆመውም።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። ክብደቱን የያዘው በአንዲት የጎማ ማኅተም የታፈነ ዘይት ስለሆነ ማኅተሟ ካረጀች ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ለመደገፊያም ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ፈጽሞ አይሁን፤ ሸክም በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ቀስ ብሎ አይጎብጥም፣ በአንዴ ይፈረካከሳል። ሥራው የብረት መቆሚያ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ፊቱ 60 በመቶውን ከያዘ 900 ኪሎ ነው፤ ለሁለት መቆሚያ ሲካፈል 450 ኪሎ። ታዲያ ባለ 2 ቶን መቆሚያ ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ የዛገ ብሎን በረጅም መፍቻ ሲፈታ መኪናው ወደ ጎን ይገፋል፤ ያን የሚችለው እግሩ ሰፋ ያለ መቆሚያ ነው። ሲገዛም የተጻፈው ክብደት የአንዱ ነው ወይስ የጥንዱ ብሎ መለያውን ማንበብ ይገባል፤ ሁለቱም ዓይነት አጻጻፍ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የጎማ ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ይላላሉ፣ መኪናው ይነሳል፣ መቆሚያው በመመሪያ መጽሐፉ በተመለከተው ቦታ ይገባል፣ ክሪኩ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅና ሸክሙ መቆሚያው ላይ ያርፋል። ከዚያ ማንም ከሥር ሳይገባ መኪናው በሁለት እጅ ከጎን ይገፋል። መወዛወዝ ካለበት አሁን ይወዛወዝ። ከጸና በኋላ ክሪኩ እንዲነካ ብቻ ተደርጎ ይመለሳል፤ የወጣው ጎማም ከሻንሲው ሥር ይጋደማል።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ ጋራዡ ከሳሎን በተሳበ አንድ ሶኬት የሚተዳደር ከሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው ኮምፕሬሰሩ ነው። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ 10 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ በሚነሳበት ቅጽበት ግን አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ገመዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ፣ ርዝመቱ 30 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 60 ሜትር ነውና የገመዱ ተቃውሞ 0.7 ኦም ያህል ይሆናል። በ50 አምፔር መነሻ 35 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ሞተሩ ዘንድ የሚደርሰው 185 ቮልት ነው። የመነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ስለሚቀንስ ሞተሩ ወደ 30 በመቶ የሚሆነውን አጥቷል። የአየር ማጠራቀሚያው ግማሽ ግፊት ይዞ ከሆነ ሞተሩ እምም ይላል እንጂ አይዞርም፤ ማስነሻው ካፓሲተር ወይም የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል። ሰው ደግሞ «የማይረባ ኮምፕሬሰር ሸጡልኝ» ይላል። ኮምፕሬሰሩን ከማከፋፈያ ሳጥኑ አጠገብ አቁሞ የአየሩን ቱቦ ማርዘም ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ማርዘም ግን ኪሳራ ነው። ማራዘሚያ ግድ ከሆነም ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ተጠቅልሎ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያቀልጠዋል።

ስለዚህ ለጋራዡ የራሱ ማከፋፈያ ሳጥን ይሁንለት። ለሶኬት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ በ16 አምፔር ብሬከር፣ ለመብራት 1.5 በ10 አምፔር፣ ለብየዳ ማሽን ለብቻው ወፍራም መስመር እንደ ማሽኑ ፍላጎት። የመብራቱ መስመር ከሶኬቱ የሚለየው ለማማር አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩ ብሬከሩን ሲጥለው ግራይንደር ይዞ የቆመ ሰው በጨለማ እንዳይቀር ነው። መስመሩ ሁሉ ትክክለኛ መሬት ማስያዣና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ይኑረው፤ እርጥብ ወለል ላይ በጉልበት ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ሕይወት በዚህች ዕቃ ላይ ናት። ሶኬቶች ከወለል 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ የሶኬትና የኮምፕሬሰር ማብሪያ ብልጭታ እዚያ ታች ባይኖር ነው የሚሻለው። ጉድጓድ ያለበት ጋራዥ ከሆነ ትነቱ የሚሞላው ጉድጓዱን ነው፤ በውስጡ የሚሰቀለው መብራት የታሸገና ባለ 12 ወይም 24 ቮልት ይሁን።

ስለ ታመቀ አየር አንድ ሁለት ነገር። በኮምፕሬሰር ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር» የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው ነው፤ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባው ከዚያ ሲሶ ያህል ሊያንስ ይችላል። ዳዶ ለመፍታት ብቻ ከሆነ ባለ 50 ሊትር ማጠራቀሚያ ይበቃል፤ በአየር የሚሠራ ማለስለሻ ወይም ግራይንደር ግን ያለማቋረጥ ስለሚጠጣ አይችለውም። እንዲያውም ቀለም የማይቀባ ሰው ባለ ባትሪ መፍቻ ገዝቶ ኮምፕሬሰሩን ለጎማ መንፊያ ቢያስቀረው ይሻለዋል ባይ ነኝ። የአየር መስመር በግድግዳ የሚዘረጋ ከሆነ በፒ ቪ ሲ የውሃ ቧንቧ አይሁን፤ ሲያረጅ ይደርቅና በግፊት እንደ ብርጭቆ ይፈነዳል፣ ስባሪውም ይወረወራል። በብረት ወይም በመዳብ ይሠራ፣ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል፣ ቅርንጫፉ ከዋናው ቧንቧ በላይኛው ጎን ይውጣ፤ ከታመቀው አየር የሚጠራቀመው ውሃ ከታች ይቀርና አየሩ ብቻ ወደ መሣሪያው ይሄዳል። የማጠራቀሚያው ውሃ በተሠራበት ቀን ሁሉ ይፍሰስ።

ሞተር አስነስቶ መሥራት ግድ ሲሆን በሩን መክፈት ብቻውን አይበቃም። በሞተሩ ጭስ ውስጥ ያለው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ክብደቱም ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ወደ ታች አይወርድም፣ ወደ ላይም አይሸሽም፤ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ሙቀት የሚችል ተጣጣፊ ቱቦ ከማርሚታው ጫፍ ተያይዞ በግድግዳ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይውጣ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የተረጨበትን ብረት ወዲያው መበየድም አይገባም፤ በእሳቱ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የፍሬን ሸራ ብናኝ ደግሞ በአየር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል።

መብራቱን ጣሪያው መሐል የሚሰቅሉ ሰዎች የመኪናውን ጣሪያ ነው የሚያበሩት። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ጥላ ውስጥ ይገባል። መብራቶቹ በግራና በቀኝ፣ በመኪናውና በግድግዳው መሐል ባለው መስመር ይሰቀሉ፤ ግድግዳውም ነጭ ይቀባ። ለ6 በ4 ሜትር ክፍል 1.2 ሜትር የሆኑ ባለ 18 ዋት ኤል ኢ ዲ ዘንጎች ከ8 እስከ 10 ቢሆኑ የሽቦ ቀለም ለመለየት ያስችላሉ።

የሥራ ጠረጴዛው ከባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ተበይዶ፣ ላዩ ሁለት ድርብ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። ብረት ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳ በጠረጴዛው እግር ልክ ይታሰር፤ መሐል ላይ ከሆነ ጠረጴዛው እየነጠረ ጉልበት ይበላል። የኋላ መንጋጋውም ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፣ ረጅም ብረት ቀጥ ብሎ እንዲያዝ። 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከመውጫው በር አጠገብ ይሰቀል እንጂ ከጠረጴዛው ጀርባ አይሁን፤ በእሳት ላይ ተራምዶ የሚያመጣው የለም። ለፈሰሰ ዘይት አንድ ጆንያ ሰጋቱራ፣ ለዘይታም ጨርቅ ክዳን ያለው የብረት ባልዲ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሊፍት የሚታሰበው። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መኪና ሰው ከሥሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም 1.8 ሜትር ቢነሳ 3.3 ሜትር ጣሪያ ጨርሷል፤ ተከፍቶ ወደ ላይ የሚጠቀለለው በርና አምፖሉ ገና አልተቆጠሩም። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት አምራቾች በተለምዶ የሚጠይቁት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ያልተሰነጠቀ ኮንክሪት ነው፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይላል። ምሰሶውን የሚይዙት ወለሉ ውስጥ የሚነከሱ ብሎኖች ስለሆኑ ግምት አያዋጣም። ምሰሶዎቹ ከሚቆሙበት ቦታ ጥቂት ራቅ ብሎ በ12 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ይበሳ፤ ጫፉ የተቆለመመ ሽቦ ገብቶ የኮንክሪቱ የታችኛው ጠርዝ ይያዝና በሜትር ይለካ። ሽቦው 8 ሴንቲ ሜትር ላይ አፈር ይዞ ከወጣ ለሊፍት የተቀመጠው ገንዘብ ለወለል ይዛወር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ