ስለ ወርሃዊ ድጋፍ መድረኮች ለወዳጄ

ሐዋሳ

ይድረስ ለልብ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን። ሰሞኑን ከአዳማ የመጣ የጋራ ወዳጃችን የአማርኛ የፊደል ግድፈት ማረሚያህን አሁንም ከሥራ መልስ ማታ ማታ እንደምትሠራ፣ ወጪውን የሚያግዙ ቋሚ ደጋፊዎች ለማግኘት ግን የትኛውን የኢንተርኔት መድረክ እንደምትመርጥ እንደተቸገርህ አጫወተኝ። ጉዳዩን ለዓመታት ስከታተለው ስለኖርሁ የማውቀውን ያህል ልጽፍልህ ተነሣሁ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው መድረኩ ስንት በመቶ እንደሚወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፓትሪዮን ለብዙ ዓመታት 5 በመቶ ይወስድ ነበር፤ በ2019 ለአዲስ ተመዝጋቢዎች 8 እና 12 በመቶ የሚከፈልባቸውን ደረጃዎች አመጣ፤ ከነሐሴ 2025 ወዲህ ለሚመዘገቡት ደግሞ 10 በመቶ አድርጎታል። ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትሃብ የድጋፍ ክፍል፣ ጊትሃብ ስፖንሰርስ፣ ከግለሰቦች ከሚመጣው ድጋፍ ምንም አይቆርጥም። በፈረንሳይ የተቋቋመው ለትርፍ ያልቆመው ሊበራፔይም እንዲሁ ምንም አይወስድም፤ ራሱም የሚተዳደረው ሰዎች በሚሰጡት መዋጮ ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ብትመዝን ፓትሪዮን ገና ከመነሻው ተሸናፊ ይመስላል። ነገር ግን ትንንሾቹን መዋጮዎች የሚበላቸው በአብዛኛው የመድረኩ ኮሚሽን ሳይሆን ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት የሚቆርጠው ቋሚ ክፍያ ነው።

ከእነዚህ ካርድ አንቀሳቃሽ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ስትራይፕ በአሜሪካ ከእያንዳንዱ የካርድ ክፍያ የሚወስደው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። አንድ ደጋፊ በየወሩ 1 ዶላር ቢሰጥህ 33 ሳንቲም ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በዓመት ከሰጠህ 12 ዶላር ውስጥ ወደ 4 ዶላር የሚጠጋው አይደርስህም ማለት ነው። ያው ሰው 12ቱን ዶላር በአንድ ጊዜ ቢከፍል ግን የሚቀነሰው 65 ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሚሽን የማይወስድ መድረክ መርጦ በየወሩ አንድ አንድ ዶላር ከመሰብሰብ ይልቅ ኮሚሽን በሚወስድ መድረክ በዓመት አንድ ጊዜ መቀበል የሚሻልበት ጊዜ አለ። አንተ ሒሳብ ስለምትወድ በራስህ ቁጥሮች ሞክረው።

ፓትሪዮን ይህን ችግር ሲያቃልል የኖረው የአንድን ደጋፊ መዋጮዎች ሁሉ በወሩ መጀመሪያ አጠቃሎ በአንድ ክፍያ በመቀበል ነበር። በታኅሣሥ 2017 ግን ለእያንዳንዱ መዋጮ 2.9 በመቶና 35 ሳንቲም ከደጋፊው እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ለአሥር ሠሪዎች አንድ አንድ ዶላር የሚሰጥ ሰው ከ10 ዶላር ወደ 13 ዶላር ከ79 ሳንቲም ሊሸጋገር ሆነ። ብዙዎች መዋጮአቸውን ሰረዙ፤ ድርጅቱም በሳምንት ገደማ ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ዕቅዱን ተወው። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ዋና ነገር የታሪፉ መጠን አይደለም፤ በአንተና በደጋፊዎችህ መካከል ያለውን ውል ሌላ ሰው በአንድ ማስታወቂያ ሊለውጠው እንደሚችል ነው።

ሊበራፔይ መፍትሔውን በሌላ መንገድ አግኝቷል፤ መዋጮው በሳምንት ይሰላል፣ ደጋፊው ግን የብዙ ወራቱን ወይም የዓመቱን አስቀድሞ በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይደረጋል። ይህ አሠራር በነገሩ የበሰለ ሰው ያሰበው ይመስለኛል። የተወለደውም ከቀደመ ውድቀት ነው፤ በ2012 ጊቲፕ ተብሎ የተጀመረውና በኋላ ግራቲፔይ የተባለው መድረክ ሲቸገር ከእርሱ የተለዩ ሰዎች መሠረቱት፣ ግራቲፔይም በ2017 መጨረሻ ተዘጋ። ሊበራፔይ ራሱ በ2018 ገንዘቡን ያንቀሳቅስለት የነበረው ማንጎፔይ ትቶት ስለነበር አሠራሩን ለውጦ ወደ ስትራይፕና ፔይፓል ለመዞር ተገዷል። ለአንተ ትልቁ እንቅፋትም እዚህ ላይ ነው፤ ተቀባዩ ከሁለቱ በአንዱ ሒሳብ ሊኖረው ይገባል፣ ስትራይፕ ደግሞ አዳማም ሐዋሳም ለሚኖር ሰው መደበኛ የነጋዴ ሒሳብ አይከፍትም።

ወደ ፓትሪዮን ልመለስና፣ እውነቱን ለመናገር ለአንተ ሥራ ብዙም አልወደውም። እርግጥ ቪው ጄኤስ የተባለውን የፕሮግራም ማዕቀፍ የሠራው ኢቫን ዩ ከ2016 ጀምሮ ሙሉ ጊዜውን እንዲሰጠው የረዳው የፓትሪዮን ድጋፍ ነበር። ይሁን እንጂ መድረኩ የተሠራው ለዘፋኞች፣ ለሠዓሊዎችና ለፖድካስት አዘጋጆች ነው፤ በየደረጃው ለከፈለ ሰው በየደረጃው ስጦታ ይጠበቃል። አንተ ማረሚያውን ለሁሉም በነጻ ለቅቀህ ሳለ ለከፈለው ሰው ምን ለይተህ ልትሰጠው ነው? አዲሱን ቃላት ዝርዝር አንድ ወር ቀደም ብሎ? እንዲህ ያለው ነገር ሥራውን ነጻ ያደረግህበትን ምክንያት ቀስ በቀስ ይሸረሽረዋል።

ለመንፈስህ የሚስማማው ኦፕን ኮሌክቲቭ ይመስለኛል። ገንዘቡን በስምህ የሚይዝ ባለአደራ ድርጅት አለ፤ ገቢው ሁሉ፣ ወጪውም ሁሉ ማንም ሊያየው በሚችል ገጽ ላይ ይሰፍራል። ጸሐፊው መዝገቡን ለአባላቱ ሁሉ ክፍት ያደረገ እድር በለው። ኦፕን ሶርስ ኮሌክቲቭ የተባለው ባለአደራ ለዚህ አገልግሎቱ 10 በመቶ ይወስዳል፤ ከፍ ያለ ኮሚሽን ቢመስልም የሒሳብ አያያዙንና ሕጋዊውን ጣጣ ስለሚሸከምልህ ውድ አልለውም። አንተ የምታቀርበው የወጪ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከመመዝገብህ በፊት ግን ወደ ኢትዮጵያ ባንክ እንዴት እንደሚልኩ በጽሑፍ ጠይቃቸው። ባለአደራም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ በ2024 መጀመሪያ ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን የተባለው ሌላ ባለአደራ በዚያው ዓመት እንደሚፈርስ ሲያስታውቅ በሥሩ የነበሩት ማኅበራት ሌላ ቤት መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ስለ ገንዘቡ መጠን ብዙ ተስፋ አትሰንቅ። የኢንተርኔት ግማሹ የተደገፈበት ኦፕን ኤስኤስኤል፣ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን መረጃ በምስጢር የሚጠብቀው ነጻ ፕሮግራም፣ በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ታላቅ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝበት በዓመት ያገኝ የነበረው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት ባቤል የተባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያም በኦፕን ኮሌክቲቭ ትልልቅ ድርጅቶች እየደገፉት በ2021 ገንዘብ እያለቀበት መሆኑን በይፋ ጽፏል። በሥራህ የሚጠቀመው ሰው ብዛትና የሚከፍልህ ሰው ብዛት አይገናኙም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዋናውን ገጽ በኦፕን ኮሌክቲቭ ክፈት፤ ፕሮግራመሮች ስለሚያዩት ጊትሃብ ላይም የድጋፍ ምልክቱን አድርግ፤ መዋጮው ሲቻል በዓመት እንዲሆን ጠይቅ። ከሁሉ በላይ የደጋፊዎችህን ኢሜይል፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀህ፣ በራስህ እጅ ያዝ፤ መድረኩ ቢዘጋ ወይም ታሪፉን ቢለውጥ ደብዳቤ የምትጽፍላቸው በዚያ ኢሜይል ነው። የውጭ አገር ካርድ የሌለን የአገር ቤት ሰዎችን ደግሞ አትርሳ፤ በገጹ ላይ የቴሌብር ቁጥርህን አስፍርልን፣ የሚገባውንም በዚያው ይፋ መዝገብ አሳየን። ቁጥሩን አስቀድመህ ለእኔ ላክልኝ፤ የዓመቱን መዋጮዬን በአንድ ጊዜ አስገባለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪህ ወንድምህ